ኤምጂ ቢን የገደላት ሽቦ አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በመኪና አምዳችሁ ስለ ድሮዎቹ የእንግሊዝ ስፖርት መኪኖች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ጃጓር ኢ-ታይፕን በቁንጅናዋ፣ ኤምጂን በታሪኩ ማንሳታችሁ ደግ ነው። ሁለት ነገር ግን ተጣሞ ቀርቧል። «ኤሌክትሪካቸው ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ የማይረባ ነበር» ትላላችሁ፤ ቀጥላችሁ ደግሞ «ጃፓን መጥታ ገደለቻቸው» ብላችሁ ትዘጋላችሁ። ቡና ላይ ቢወራ ያስቃል። ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ግን ለንደን ወይም ዋሽንግተን ያለ አንባቢ አምኖት፣ ሽቦዋ የተዝረከረከችውን ደህና መኪና ትቶ፣ መብራቷ ሁሉ ቦግ የሚለውን ነገር ግን ሆዷን ዝገት የጨረሰውን ገዝቶ ሊገባ ይችላል።

የምጽፈው በአብዛኛው ከኤምጂ መኪኖች አንዷ ስለሆነችው ስለ ኤምጂ ቢ ነው። ከ1962 እስከ 1980 ከ500,000 በላይ ተሠርታለች፤ ዛሬም ከድሮዎቹ መካከል በብዛት የምትታየው፣ መለዋወጫዋም እንደ ልብ የሚገኘው የእሷ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሽቦው ልጀምር። የእነዚህን መኪኖች የኤሌክትሪክ ዕቃ የሠራውን የበርሚንግሃሙን የጆሴፍ ሉካስ ኩባንያ «የጨለማው ልዑል» እያሉ የሚቀልዱበት ሰዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ፦ የሉካስ የሽቦ ቀለም ሥርዓት መካኒክ የሚመኘው ዓይነት ነው። ቡኒ ሽቦ ሁልጊዜ ከባትሪው ኃይል አለው፣ ፊውዝ የለውም። ነጭ ቁልፍ ሲዞር ኃይል ያገኛል፣ እሱም ፊውዝ የለውም። ሐምራዊ ማለት በፊውዝ ያለፈ ቡኒ፣ አረንጓዴ ማለት በፊውዝ ያለፈ ነጭ ነው። ቀይ የፓርኪንግ፣ ሰማያዊ የፊት መብራት፣ ጥቁር ግራውንድ፣ ማለትም ኃይሉ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት። እነዚህን ሰባት ቀለሞች በቃሉ የያዘ ሰው ንድፍ ሳይዘረጋ የአብዛኛውን ብልሽት ምንጭ ይደርስበታል። ዛሬ ከፋብሪካ ከሚወጡት መኪኖች ስንቱ እንዲህ ይነበባል?

የሚበላሸው ሽቦው ሳይሆን መጋጠሚያው ነው። በየሽቦው ጫፍ 4.7 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት ጥይት መሰል ብረት አለች፤ ሁለት ጥይቶች በጥቁር ጎማ በተሸፈነች አጭር ቱቦ ውስጥ ከሁለት ወገን ገብተው ይገናኛሉ። ከራዲያተሩ ፊት፣ ዝናብና የመንገድ ጨው በቀጥታ በሚያገኘው ቦታ፣ ከእነዚህ ቱቦዎች ብዙ ተሰብስበዋል። ሃምሳ ዓመት ሲጠጡ ይዝጋሉ፣ ጥይቷን የመጨበጥ ኃይላቸውም ይላላል። ምልክቱ ግልጽ ነው። ፍሬቻ ሲሰጥ በዚያው ወገን ያለው የፓርኪንግ መብራት አብሮ ብልጭ ድርግም ካለ አምፖሉ ግራውንድ አጥቶ በጎረቤቱ አምፖል በኩል መመለሻ እየፈለገ ነው። መፍትሔውም ጥይቷን ነቅሎ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ማጥራት፣ ቱቦዋን በአዲስ መለወጥ፣ ሲገጥሙም ትንሽ ቫዝሊን መቀባት ነው። አሮጌዋን ቱቦ ማጽዳት ትርፉ ድካም ነው።

ከዚህ የባሰ ጥፋት የሚሠራው በጋራዥ ነው። የኤምጂ ቢ ሞተር የተቀመጠው በጎማ ላይ ስለሆነ ከቦዲው ጋር በኤሌክትሪክ የሚያገናኘው ካምቢዮው አጠገብ ያለ አንድ ወፍራም የግራውንድ ገመድ ብቻ ነው። በዚህች መኪና ፍሪሲዮን ለመቀየር ሞተሩ መውጣት አለበት። ሲመለስ ያ ገመድ ተረስቶ ቀረ እንበል። መኪናዋ ትነሳለች፤ ስታርተሩ የሚስበው ያ ሁሉ ኃይል ግን መመለሻ ሲያጣ በነዳጅ መስጫው ወይም በቾክ ገመድ በኩል ይሄዳል። ገመዱ ይግላል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል፣ በመጨረሻም ነክሶ ይይዛል። ባለቤቱ ገመድ ይቀይራል፤ ከወር በኋላ ሌላ ገመድ ይቀይራል፤ ከዚያ ሉካስን ይረግማል። ለማረጋገጥ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በግራውንድ በኩል ባለው የባትሪ ምሶሶ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ ስታርተር ማስነሳት ነው። ንባቡ ከ0.3 ቮልት በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ከ0.5 በላይ ከሆነ ገመዱ ወይ ላልቷል ወይ የለም።

ፊውዙም የራሱ ወጥመድ አለው። በሉካስ ፊውዝ ላይ የተጻፈው 35 አምፔር የሚቃጠልበት መጠን ነው፤ ያለማቋረጥ የሚሸከመው 17 ነው። በአሜሪካ ፊውዝ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ግን የሚሸከመውን የሚገልጽ ነው። «35 ይላል» ብሎ የአሜሪካ 35 ያስገባ ሰው መከላከያውን በእጥፍ አላልቶታል፤ እሳት ሲመጣ ከፊውዙ በፊት የሚያልቀው ሽቦው ነው። አሜሪካ ያላችሁ 20 አምፔር አስገቡ።

እስከ 1967 የተሠሩት ደግሞ ከቦዲው ጋር የሚታሰረው የባትሪያቸው ፖዘቲቭ ነው። ይህን ሳያውቅ የስልክ ቻርጀር ወይም ቴፕ የሚገጥም ሰው ዕቃውን ያቃጥላል። ወደ ዘመናዊው አሠራር መመለስ ከባድ አይደለም፦ የባትሪውን ገመዶች ማገላበጥ፣ ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን የቦቢናውን ሁለት ሽቦዎች መለዋወጥ፣ ከዚያም የዲናሞውን የፊልድ ሽቦ ነቅሎ ከባትሪው ኃይል በመጣ ሽቦ ፊልዱን ለቅጽበት ሁለት ሦስቴ ነካ ነካ ማድረግ፤ ዲናሞው አዲሱን አቅጣጫ የሚይዘው በዚህ ነው። ኤሌክትሮኒክ የዙር መለኪያ ያላት ከሆነች ግን መለኪያው ውስጡ ካልተስተካከለ አይሠራም።

ለሚዛን ያህል፣ በኤሌክትሪኩ በኩል በእውነት መጥፎ የነበሩ ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንዱ እስከ 1974 ከወንበሮቹ ጀርባ በወለሉ ሥር የተቀበሩት ሁለቱ ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች ናቸው። ለማየት ምንጣፍ ማንሳት፣ ክዳን መፍታት ስላለበት ማንም አያያቸውም፤ የሚንጠባጠበው አሲድም ሳጥናቸውን ይበላል። ሁለተኛው ኤስዩ የተባለው ኩባንያ የቤንዚን ፓምፕ ነው። ከቀኙ የኋላ ጎማ ፊት ተንጠልጥሎ፣ እንደ ፑንቲና፣ ማለትም የካንዴላውን ብልጭታ እንደሚያስነሳው መገናኛ፣ የሚከፈትና የሚዘጋ የራሱ መገናኛ አለው። ቁልፍ ሲዞር ቲክ ቲክ ብሎ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ዝም ማለት አለበት። ካላቆመ ወይ ታንኩ ባዶ ነው፣ ወይ በመሳቢያው በኩል አየር ያስገባል፣ ወይ በካርቡሬተሩ ያለው የተንሳፋፊው ቫልቭ አልዘጋም። ጭራሽ ድምፅ ከሌለው መገናኛው ተቃጥሏል። በመፍቻ መታ ሲያደርጉት ይነሳል፤ ይህ ግን ቤት ለመድረሻ እንጂ ለነገ አይሆንም።

ጽሑፋችሁ «ሁለቱ ካርቡሬተሮች ያለ ልዩ ባለሙያ አይስተካከሉም» ማለቱም ትክክል አይደለም። ኤስዩ ካርቡሬተር ከማውቃቸው ሁሉ ቀላሉ ነው። አንድ የቤንዚን ቀዳዳ፣ በውስጧ አንዲት ሾጣጣ መርፌ፣ መርፌዋን ይዞ በአየር ኃይል ከፍ ዝቅ የሚል አንድ ፒስተን፤ አለቀ። ችግሩ ሰዎች የሚጀምሩት ከእሱ መሆኑ ነው። የካርቡሬተር ተብሎ ጋራዥ የሚመጣው በሽታ ብዙውን ጊዜ የፑንቲና ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የቫልቮቹን ክፍተት 0.38 ሚሊሜትር ማድረግ። ስምንቱን ከፊት ወደ ኋላ ቁጠሩና ድምራቸው ዘጠኝ እንዲሆን ሂዱ፦ 8ኛው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት 1ኛውን፣ 6ኛው ሲከፈት 3ኛውን ማስተካከል። ቀጥሎ ፑንቲናውን ከ0.35 እስከ 0.40፣ ካንዴላውን 0.64 ሚሊሜትር። የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ታይሚንግ፣ ማለትም ካንዴላው ብልጭታ የሚሰጥበት ጊዜ፣ ሞተሩ ቆሞ፣ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 10 ዲግሪ በፊት ነው።

ካርቡሬተሩ የሚነካው ይህ ሁሉ ካለቀና ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ነው። የአየር ማጣሪያዎቹን አውጥቶ ፒስተኑን በጣት ማንሳትና መልቀቅ። ጠቅ የሚል የብረት ድምፅ አሰምቶ መውደቅ አለበት። ከተያዘ ወይ ቆሽሿል፣ ወይ መርፌዋ ተጣማለች፣ ወይ ቀዳዳዋ መሐሏን ስታለች። በቤንዚንና በጨርቅ ይጠረጋል እንጂ ብርጭቆ ወረቀት ጨርሶ አይነካውም፤ የአንዱንም ክዳን ለሌላው ፒስተን መግጠም አይቻልም፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተለኩ ናቸው። ከዚያ ከሥር ያለችውን የማስተካከያ ነት እስከ ላይ አጥብቆ ሁለት ሙሉ ዙር፣ ማለትም አሥራ ሁለት ጎን፣ ወደ ታች መፍታት መነሻው ነው። የሁለቱን አየር ለማመጣጠን በመካከላቸው ያለውን ማያያዣ አላልቶ፣ የቀጭን ጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮ፣ ሌላውን የካርቡሬተሩ አፍ ላይ አድርጎ ፉጨቱን ማዳመጥ፤ ሁለቱ እኩል እስኪያፏጩ የዙር ማስተካከያ ቡሎኖቹን በካቻቪቴ እያዞሩ ሞተሩን ከ700 እስከ 800 ዙር ማቆየት ነው።

የድብልቁ ፈተና ይቀራል። ፒስተኑን 0.8 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ከፍ አድርጉት። ዙሩ ለቅጽበት ጨምሮ ከተመለሰ ትክክል ነው። ጨምሮ በዚያው ከቀረ ቤንዚን በዝቷል፤ ነቷን አንድ ጎን ወደ ላይ። ወዲያው ከወረደና ሊጠፋ ካለ ቤንዚን አንሷል፤ አንድ ጎን ወደ ታች። አንድ ጎን ብቻ፣ ከዚያ እንደገና ማዳመጥ። በመጨረሻ ከላይ ያለውን ክዳን ፈትቶ ቀጭን፣ ኤስኤኢ 20 ዘይት መጨመር፤ ክዳኑ ሲመለስ ጥርሱ ከመንከሱ 6 ሚሊሜትር በፊት ዘይቱ መቃወም ከጀመረ በቂ ነው። ይህ ዘይት የጎደለበት መኪና ነዳጅ ሲረገጥ ይደናቀፋል፤ ስንቱ ባለቤት በዚህ ብቻ ደህናዎቹን ካርቡሬተሮች አውጥቶ አንድ ትልቅ የዌበር ካርቡሬተር እንደገጠመ ቤቱ ይቁጠረው። ይህን ሁሉ አድርጎም ሞተሩ ሥራ ፈት ሲል ዙሩ አልረጋ ካለ የነዳጅ ምላሱ ዘንግ ተበልቶ በጎኑ አየር እያስገባ ነውና ማስተካከያ አያድነውም።

ደጋ ላይ ለሚነዳ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የኤስዩ ፒስተን የሚከተለው የአየሩን ብዛት ነው፤ ክብደቱን አይመዝንም። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ፣ አዲስ አበባ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለው ድብልቅ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል። ነቷን ማዞር ሥራ ፈት ሲል ያለውን ብቻ ያስተካክላል፤ ለሙሉ ፍጥነት ወፈር ያለች መርፌ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ጉልበቷም በሩብ ገደማ ይቀንሳል፣ ይህ በምንም አይመለስም። እንግሊዝ ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ ያስገባችው 10 በመቶ ኢታኖል ያለው ቤንዚንም የድሮውን ጎማ ቱቦ ከውስጥ ይልጣል። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል ከአዲስ አበባ ቤንዚን ጋር መደባለቅ የጀመረው በ2008 ነው። ኢታኖል የሚችል ቱቦ መቀየር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ስለ መፍቻ አንድ ቃል። ኤምጂ ቢ በኢንች የተሠራች ናት። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊሜትር ነውና የ13 ቁልፍ ይገባል፣ ጠንከር ሲሉበት ግን ጠርዙን ይልጠዋል። ከእሷ በፊት የነበረችው ኤምጂ ቲሲ ደግሞ የባሰች ናት፦ ሞተሯ የተሠራበት የኮቨንትሪ ፋብሪካ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳዩ የሆችኪስ ኩባንያ የተቋቋመ ስለነበር የቡሎኑ ጥርስ ሚሊሜትር፣ ራሱ ግን በእንግሊዝ የዊትዎርዝ መለኪያ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው «ይገባል» ብሎ የሌላ ቡሎን አስገድዶ ሞተሩን ይፈጀዋል። የኤምጂ ቢ ካምቢዮም የሚሞላው በሞተር ዘይት፣ በ20/50፣ ነው። የማርሽ ዘይት ነው ብሎ ለዲፍረንሻል የሚሆነውን የሚጨምር ሰው በውስጡ ያሉትን የመዳብ ቅይጥ ቀለበቶች ያስበላል። ባለ ሽቦ ቸርኬ ያላት ከሆነች የግራና የቀኝ መገናኛዎቹ ጥርስ አዟዟር ተቃራኒ መሆኑ መታየት አለበት፤ ተለዋውጠው የተገጠሙ እንደሆነ ነቱ በጉዞ ላይ ራሱን ይፈታል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ጽሑፋችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፈው ዝገት። ኤምጂ ቢ ቻሲ የላትም፤ ቦዲዋ ራሱ ቻሲዋ ነው። ክፍቷ መኪና ጣሪያ ስለሌላት ፊቷንና ኋላዋን የሚያያይዘው በየበሩ ሥር የሚሄደው የላሜራ ሳጥን ነው። ከውጭ የሚታየው ላሜራ አለ፤ መሐል ላይ ቋሚ ግድግዳ፤ ከውስጥ ሌላ ላሜራ፤ ከሥር የሚዘጋው ደግሞ ሌላ። ውኃው የሚገባው ከፊት መከላከያው፣ ማለትም ጎማውን ከሚሸፍነው ላሜራ፣ ውስጥ ነው። ጎማው የረጨው ጭቃ ከበሩ ፊት ተቆልሎ ይረጥባል፣ ሳጥኑ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ውጭ ላይ ቀለሙ መነፋት ሲጀምር የመሐሉ ግድግዳ ካለቀ ቆይቷል።

ሻጭ ይህን የሚደብቀው በአንድ መንገድ ነው፦ በበሰበሰው ላይ አዲስ ላሜራ ደርቦ በይዶ፣ ጠርዙን በስቱኮ ሞልቶ፣ ቀለም መቀባት። ሲያዩት ያምራል። ሁለት ነገር ይዛችሁ ሂዱ። አንዱ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ነው፤ ከበሩ ሥር ከፊት እስከ ኋላ ስታንሸራትቱት የሚለቅበት ቦታ ስቱኮ ነው። ሁለተኛው ክሪክ ነው። ከበሩ ሥር ባለው ማንሻ ቦታ ገብቶ መኪናዋ ስትነሳ በሩን ክፈቱና ዝጉ። መሬት ላይ እንደነበረው ከተዘጋ ደህና ነው። በበሩና በኋላው መከላከያ መካከል ያለው ክፍተት ከተለወጠ፣ ይባስ ብሎ በሩ ከተነከሰ፣ መኪናዋ መሐሏ ላይ እየታጠፈች ነው። ያን ጊዜ ሞተሩ እንደ ሰዓት ቢሠራም፣ መብራቱ ሁሉ ቢበራም፣ ቁልፉን መልሱ። ከወንበሩ ጀርባ ምንጣፉን ገልጣችሁ የባትሪውን ሳጥን፣ በትርፍ ጎማው ሥር ያለውን ወለል፣ የፊት መከላከያውንም የታች የኋላ ጥግ እዩ።

ጥገናው ራሱ ይቻላል፤ የሚያበላሸው ችኮላ ነው። የበሰበሰውን ከመቁረጥ በፊት የበሩን አፍ ከማጠፊያው ምሶሶ እስከ መቆለፊያው ምሶሶ በብረት ማሰር ግድ ነው። መኪናዋ ሞላውና ባሌስትራው ባሉበት ቦታ ትደገፍ፤ መሐሏ ላይ ከተደገፈች ቦዲው ተጣሞ እንዳለ ይበየዳል። የበሩን ክፍተት በየቦታው ለክቶ መጻፍ፣ አንድ ወገን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ፣ በነጥብ ብየዳ አስይዞ በሩን መሞከር፣ ከዚያ ብቻ ሙሉውን መበየድ። የፊት መከላከያው በቡሎን ስለሆነ ይወጣል፤ ሳይወጣ የተበየደ ሳጥን ፊቱ በሰበሰ እንዳለ ቀርቷል ማለት ነው። ሲያልቅ የዝገት መከላከያ ሰም ወደ ውስጥ ይረጫል፤ ውኃ ማውረጃ ቀዳዳዎቹን ግን በሰም የደፈነ ሰው በእጁ የዘጋው በረት ውስጥ ዝገቱን ያረባል። ጥገናው ከአቅም በላይ ሲሆን ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ ከ1988 ጀምሮ በፋብሪካው የመጀመሪያ ማተሚያዎች አዲስ ሙሉ ቦዲ ይሠራል። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ለተጀመረች መኪና አዲስ ቦዲ መሠራቱ ያኔ ጉድ ነበር።

ስለ አሟሟቷ። ኤምጂ የሚለው ስም የኦክስፎርዱ የዊሊያም ሞሪስ ጋራዥ ምህጻር ነው፤ ስፖርት መኪና ያደረገው ሥራ አስኪያጁ ሴሲል ኪምበር ነው፤ ከ1929 ጀምሮ ቤቱ አቢንግደን ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ዕዳ ውስጥ የነበረችው እንግሊዝ ብረት የምታድለው ወደ ውጭ ለሚሸጥ ነበር፤ ስፖርት መኪናውም የዶላር ማምጫ ሆነ። ብዙ ጊዜ እንደሚባለው አሜሪካን የያዘችው ቲሲ አይደለችም፤ ከተሠሩት 10,000 ወደዚያ የሄዱት 2,000 ገደማ ናቸው። ገበያውን የከፈተችው ተከታይዋ ቲዲ ናት፦ ወደ 30,000 ከሚጠጋው ከ23,000 በላይ አሜሪካ ገባ። ትራያምፍም በ1953 ቲአር2ን አወጣ፤ ሞተሯ ገበሬው የሚያውቀውን የፈርጉሰን ትራክተር ከሚነዳው ሞተር ጋር አንድ ዘር ነው፤ ቀልዱም ጥንካሬውም ከዚያ ይመጣል። ኤምጂ ኤ ከ101,000 በላይ ተሠርታ አብዛኛዋ ባሕር ተሻገረች። ኤምጂ ቢ የወረሰችው ይህን አንድ ገበያ ነው፤ የሞተችውም በእሱ ነው።

የ1968ቱ ውሕደት ኤምጂንና ባላንጣውን ትራያምፍን በአንድ በብሪቲሽ ሌይላንድ ጥላ ሥር አስገባ። ለአዲስ ስፖርት መኪና የተመደበው ገንዘብ ለትራያምፍ ቲአር7 ሄደ፤ ኤምጂ ቢ በ1962ቱ ንድፏ ቀረች። የአሜሪካ ሕግ ሲጠብቅ ፋብሪካው አዲስ ሞተር መሥራት ትቶ ያለውን አነቀ። በ1974 መጨረሻ ጥቁር የጎማ ፓራውልት ገጠሙላት፣ ከመሬት 38 ሚሊሜትር ከፍ አደረጓት፤ በመታጠፊያ ላይ መወዝወዟ ከዚያ ይጀምራል። ለአሜሪካ የምትሄደው ሁለቱ ኤስዩዎች ወጥተው አንድ ዜኒዝ-ስትሮምበርግ ካርቡሬተር ገባላት። 95 የነበረው የፈረስ ጉልበት፣ የአለካኩ ልዩነት ተጨምሮበት፣ 60ዎቹ ውስጥ ወረደ።

የመጨረሻውን ዱላ ያሳረፈው ግን ምንዛሪ ነው። በ1976 መጨረሻ ፓውንድ 1.60 ዶላር አካባቢ ነበር፤ በ1980 መጸው ከ2.40 አለፈ። በ6,000 ዶላር የምትሸጥ መኪና አስቡ። በመጀመሪያው ሂሳብ 3,750 ፓውንድ ታመጣለች፤ በሁለተኛው 2,500። ብረቱና ደመወዙ የሚከፈለው በፓውንድ ነው። ኩባንያው በእያንዳንዷ 900 ፓውንድ እከስራለሁ አለ። አቢንግደን የፋብሪካውን 50ኛ ዓመት ባከበረ ማግስት፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1979፣ መዘጋቱ ታወጀ፤ በአስተን ማርቲን የሚመራ ቡድን ሊገዛው ሞክሮ ሳይሳካለት ቀረ፤ የመጨረሻዋ ኤምጂ ቢ በኦክቶበር 1980 ወጣች።

ጃፓንስ? ዳትሰን 240ዜድ በ3,526 ዶላር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ይዛ መምጣቷ ኤምጂን ጎድቷል፤ ይህን አልክድም። ግን ያቺ ባለ ጣሪያ ነበረች። ክፍት፣ ትንሽ፣ ርካሽ ስፖርት መኪና ጃፓን ከ1960ዎቹ የዳትሰን ክፍት መኪኖች በኋላ በማዝዳ ኤምኤክስ-5 እንደገና ያመጣችው በ1989፣ ኤምጂ ቢ ከቀረች ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ያ ሲሸጥ እንግሊዞች ነቅተው በዚያው በሄሪቴጅ ቦዲ ላይ ባለ ስምንት ሲሊንደሯን አርቪ8 ሠሩ፤ ወደ 2,000 ገደማ ተሠርታ አብዛኛዋን የገዛችው ጃፓን ናት።

አንድ የተግባር ነጥብ፣ ከዚያ ልጨርስ። እንግሊዝ ውስጥ 40 ዓመት ያለፋት መኪና በታሪካዊነት ከተመዘገበች ዓመታዊ ግብር አትከፍልም፣ ከ2018 ወዲህም ዓመታዊ ምርመራ አትገደድም፤ ዛሬ ሁሉም ኤምጂ ቢ ከዚህ ውስጥ ይገባሉ። ምርመራ ባለመኖሩ ግን ከላይ ያልኩትን የክሪክ ፈተና የሚያደርግላችሁ የለም፣ ራሳችሁ አድርጉት። ገዝቶ አገር ቤት ልላክ ለሚልም፣ ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሏን አስቀድሞ ይወቅ።

ጽሑፉን ያጀበው ፎቶ ከሥሩ «ኤምጂ ቢ፣ 1965» ይላል። ፎቶው ላይ ያለችው ጥቁር የጎማ ፓራውልት አላት፤ ስለዚህ ከ1974 መጨረሻ በፊት ልትሠራ አትችልም። መስታወቷ ላይም ሦስት የዝናብ መጥረጊያ ይቆጠራል፤ ሦስት የሚገጠምላቸው ከ1968 ወዲህ ለአሜሪካ የሚሄዱት ብቻ ናቸው፣ የአሜሪካ ሕግ መጠረግ ያለበትን የመስታወት ስፋት ስለወሰነ። ዓመቱ በሚቀጥለው እትም ቢታረም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ